ለማማ ባሴሌ የተሰየመው አምባዛ

የፕሮፌሰር ሊሶንጎ ምላስ ምላጭ ነበር። ኪሳንጋኒ ውስጥ ዓሣ አጥንቶ ወረቀት ከያዘ ሰው መካከል በዚያ ምላስ ያልተቆረጠ አልነበረም፤ ሲዶኒን ግን ለይቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የያዛት። “አንቺ የገበያ ልጅ” ይላታል፣ እንግዳ የለ ተማሪ የለ፤ “እጅሽን ታጥበሽ ንኪው። ይሄ ናሙና እንጂ የምሳ ዓሣ አይደለም።” እናቷ ማማ ባሴሌ ወንዝ ዳር ባለው ገበያ አምባዛ እያጨሰች እየሸጠች ነው ያስተማረቻት። ከተማው ይህን ያውቃል። ሲዶኒ ደግሞ ከተማው ማወቁን ታውቃለች፤ ወደ ዓሣ ጥናት ቤቱ ከመግባቷ በፊት ሁልጊዜ እጇን በሎሚ የምታሸው ለዚህ ነበር።

ለማዘን ግን አትቸኩሉ። ሲዶኒም ብትሆን ርግብ አልነበረችም።

ሙያው እንዲህ ነው። ከወንዝ አዲስ ዓሣ ያገኘ ሰው ስም ያወጣለታል፤ ስሙ በመጽሔት ይታተማል፣ ከዚያ ወዲያ የዓለም ሊቅ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራዋል። ዓሣው ድሮ ስም የወጣለት ሆኖ ከተገኘ ግን የፊተኛው ስም ይኖራል፣ የኋለኛው ይሰረዛል። የተሰረዘውን የሞተ ስም ይሉታል። ሲዶኒ ለዶክትሬቷ በቆመችበት ቀን የገደለችው የፕሮፌሰር ሊሶንጎን ስም ነበር። እሱ በጎልማሳነቱ ለሚስቱ ለጎዴሊቭ ብሎ የሰየማት ባለ ነጠብጣብ ትንሽ አምባዛ፣ ለካ የሌላ የታወቀ ዓሣ ያላደገ ልጅ ኖሯል። ማስረጃው እንከን አልነበረውም፤ በዚያ ብታበቃ ጥሩ ነበር። እሷ ግን የስንት ዓመት ብሶቷን ይዛ ነው የቆመችውና “ፕሮፌሰራችን ልጅ አይተው ሚስት መስላቸው ነው” አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማዳም ጎዴሊቭ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። እሷም መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ምን ታድርግ። ከሁለት ዓመት በኋላ በልብ ሕመም ሞተች። ሰው አፉ አያርፍምና የሲዶኒ ቀልድ ነው የገደላት ተባለ፤ የገደላት ልቧ ነው። ፕሮፌሰሩ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሲዶኒም ዝምታውን ሽንፈት አድርጋ ቆጠረችው።

እንግዲህ የዚህች ሴት ምኞት አንድ ብቻ ነበር። ማማ ባሴሌ ማንበብ የምታውቀው የገዛ ስሟን ብቻ ነው፤ ሲዶኒ ተማሪ ሳለች በከሰል ቦርድ ላይ እየጻፈች አስተምራታለች። አሁን ደግሞ ጭሱ ዓይኗን በልቶት ሰውን የምትለየው በድምፁ ሆኗል። ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ስሟን በመጽሔት ላይ፣ በዓሣ ስም ላይ ታትሞ እንድታየው ሲዶኒ ለራሷ ቃል ገባች። ለዚህ ብላ ሳታገባ ቀረች ይላሉ፤ እሱ እንኳን የጎረቤት ወሬ ነው።

በሊንዲ ወንዝ ፏፏቴዎች ላይ፣ ውሃው ሞልቶ ዓለቱን በሚያለብስበት ወቅት፣ ወንዙ ሁለት ዓሣ ሰጣት። አንዱን ያገኘችው ከዳር፣ ውሃው ከሚተኛበት ጭቃ ውስጥ ነው፤ አመድማ፣ ዓይኑ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል፣ ክፉ ወሬ እንደ ሰማ ሰው ከንፈሩ የተንጠለጠለ አምባዛ። ሁለተኛውን ያወጣችው ከዓለት ጉድጓድ ነው። ይሄኛው ሌላ ነገር ነበር። ቆዳው ወርቅማ፣ ራሱ ትልቅ፣ ጉንጩ የተነፋ፣ ጢሙ እስከ ሆዱ የሚደርስ፤ ንጉሥ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ። ከዚህ ዓይነት በእጇ የገቡት ጥቂት ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ወገን የሚመደቡ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ሊሶንጎ ዕድሜውን የጨረሰበት ወገን።

ብልቃጦቹን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። ማማ ባሴሌ ሁለቱንም አውጥታ በመዳፏ መዘነች፣ በጣቷ ጀርባቸውን ጫነች።

“ይሄ ይሻለኛል” አለች፣ አመድማውን አንስታ። “ሥጋ አለው። ከአንገቱ ሥር ስብ ይዟል። ያኛው ራስ ብቻ ነው፤ ራስ ብቻ የሆነ ነገር ማን ይገዛል?”

“ማማ፣ የሚሸጥ አይደለም እኮ። ስምሽ የሚወጣለት ነው።”

“ስሜም ቢሆን የሚበላ ነገር ላይ ይሁን። ይሄን ድሃም ይገዛዋል፤ ይሄን ስሸጥ ነው የኖርኩት።”

“ይሄ ጭቃማ ላንቺ አይመጥንም። ወርቁን ነው የምሰጥሽ።”

ማማ ባሴሌ ዓሦቹን ወደ ብልቃጡ መለሰች። “አንቺ ካልሽ እሺ” አለች፤ ፊቷ ግን እሺ አላለም። ሲዶኒ ይህን አይታ እንዳላየች ሆነች።

አሁን ነገሩ የተበላሸበትን ልንገራችሁ። ዓሣ የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሆድ ይቀድዳል። ወንድ ይሁን ሴት፣ እንቁላል ይያዝ አይያዝ፣ ምን ይብላ፣ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሲዶኒ አመድማዎቹን ቀደደች፤ ወንድም ሴትም ነበሩ፣ አዲስነታቸው አላጠራጠረም። ወርቃማዎቹ ላይ ስትደርስ ግን ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። ጥቂት ናቸው፣ ያምራሉ፣ የእናቴን ስም የሚሸከሙ ናቸው፤ ሆዳቸው አይዘረገፍም አለች። ናሙና ጥቂት ሲሆን ሳይቀደድ የሚቀመጥበት ልማድ ስላለ የሚወቅሳት አልነበረም። የዘር ምርመራው መሣሪያ ያለው አውሮፓ ነው፣ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። የእናቷ ዓይን ወረፋ አይጠብቅም። ጢሙን፣ እሾሁን፣ ጥርሱን ለካች፣ ከታወቁት ሁሉ ጋር አስተያየች፣ የሚመስለው አጣች። ከዚያ ብልቃጦቿን አቅፋ ወደ ፕሮፌሰር ሊሶንጎ ሄደች፤ ከሱ በላይ ያንን ወገን የሚያውቅ አልነበረማ።

ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶም ከጥናት ቤቱ የኋላ ክፍል አልለቀቀም፤ በፎርማሊን ሽታ መካከል ወንበሩ ላይ ተደግፎ ይውላል። ወርቃማውን አምባዛ ወደ መስኮቱ አዙሮ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

“እንዲህ ያማረ አይቼ አላውቅም” አለ።

የሲዶኒ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ተማሪ መጀመሪያ ያገኘውን ዓሣ ለመምህሩ መሰየሙ የቆየ ወግ ነው። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ለነጭ ቄስ፣ ለሚኒስትር፣ ለሹፌሩ ሳይቀር ስም አውጥቷል፤ በሱ ስም የሚጠራ አንድ ዓሣ ግን የለም። ለራስ ስም ማውጣት በዚህ ሙያ ትልቅ ነውር ነው፤ ሌላ ሰው ካላወጣልህ ቀረብህ። ተማሪዎቹ ሁሉ ጠልተውት ሄዱ፣ ማን ያውጣለት። ሲዶኒ ወርቁን ይጠይቀኛል ብላ ትንፋሿን ያዘች።

“ለእናትሽ ይሁን” አለ እሱ። “ለኔ ያንን አስቀያሚውን ስጪኝ። መልካችንም ይመሳሰላል።”

“ፕሮፌሰር፣ እርስዎኮ...”

“ስጪኝ አልኩሽ። በሕይወትሽ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትከራከሪ ስሚኝ።”

ያን ቀን እያለቀሰች ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። ሽማግሌው ራራ፣ ሞት ሲቀርብ ሰው ይለሰልሳል ብላ ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። ሰሚውም አብሯት ራሱን ነቀነቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጽሑፏን የላከችበት መጽሔት እንዲፈርድ የመረጠው ሊቅም ሌላ አልነበረም፤ ይኸው ሊሶንጎ ነው። ሁለቱም አዲስ ናቸው፣ ይታተም ብሎ ፈረደ። ታተመ። ሲዶኒ ገጹን ይዛ ገበያ ድረስ ሮጠች። ማማ ባሴሌ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ በጣቷ ፊደሎቹን ተከተለች፣ ስሟ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። “እኔ ነኝ” አለች። ወረቀቱን ከማጨሻው ጎን ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀለችው። ለገዢውም ላልገዛውም እያሳየች ሰነበተች።

ጥናት ቤቱ ድግስ ደገሰ። የገበያው ሴቶች ተማክረው ሊፑታ የሚሉትን ሽርጥ አንድ ዓይነት አሰፉ፤ ቢጫ ላይ ሰማያዊ ዓሣ ያለበት። ሰልፍ ሠርተው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ክዋንጋ የሚሉትን የካሳቫ ዳቦና ዓሣ በገበታ ተሸክመው አዳራሹን ሞሉት። ማማ ባሴሌን ከፊት ወንበር አስቀመጧት። ያ ወንበር የማዳም ጎዴሊቭ እንደነበረ ያስታወሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፕሮፌሰር ሊሶንጎ በምርኩዝ ተነሣ። በሌላው እጁ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዟል። በፈረንሳይኛ ሊቃውንቱን አመሰገነና ወደ ፊት ወንበር ዞረ። “ዛሬ የክብር እንግዳችን ማማ ባሴሌ ናቸው። እሳቸው ያልገባቸው ነገር ዋጋ የለውም። ስለዚህ በገበያው ቋንቋ፣ በሊንጋላ ልቀጥል።” ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሲዶኒም አጨበጨበች፣ ሞኝ።

ጨርቁን ገለጠ። አሮጌ ብልቃጥ ነው፤ ውሃው እንደ ሻይ ቀልሟል። ውስጡ ሁለት አምባዛ ነበሩ፣ በመካከላቸውም የእንቁላል ዘለላ። አንዱ ደብዘዝ ያለ፣ ጠባብ ራስ ነው። የሁለተኛው ጉንጩ የተነፋ፣ ራሱ ትልቅ፣ ጢሙ እስከ ሆዱ ነው።

“እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው” አለ። “ከአንድ ጉድጓድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ዶክተራችን ገና ጡት ሳትጥል። ሚስትየዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ በወጣትነቴ ስም ያወጣሁላት፣ ስሟም እስከ ዛሬ ያልተሰረዘ ሌላዋ አምባዛዬ ናት። ባልየው ውሃ ሲሞላ እንቁላል ሊጠብቅ ይገባና ራሱ ያብጣል፣ ቆዳው ወርቅ ይሆናል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ተመልሶ ሚስቱን ይመስላል። ዶክተር ሲዶኒ ያገኘችው እሱን ነው። አዲስ ዓሣ አይደለም፤ የኔ ዓሣ ባል ነው።” ለማማ ባሴሌ ጎንበስ አለላት። “ይቅርታ ማማ። በእርስዎ ስም የሚጠራ ዓሣ የለም። ስሙ ከዛሬ ጀምሮ ሞቷል።”

ሲዶኒ ከተቀመጠችበት ተነሣች። “ያውቁ ነበር። ይታተም ብለው የፈረዱት እርስዎ ነዎት።”

“አውቅ ነበር።”

“አይቼ አላውቅም ብለውኛል።”

“እንዲህ ያማረ አይቼ አላውቅም ነው ያልኩሽ። እውነቴን ነው፤ የኔው መልኩ ከጠፋ ቆይቷል።” ከኋላ በኩል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። “ሆዳቸውን ብትቀድጂው ኖሮ ሁሉም ወንድ መሆናቸውን ታዪ ነበር። ሚስቶቻቸው የታሉ ብለሽ ትጠይቂ ነበር። ነጩን ከጥቁሩ መለየት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህችን እንዴት ረሳሽ? የገበያ ልጅ ሆና ዓሣ መቅደድ የምትፈራ፣ ይሄ እንኳ አዲስ ዝርያ ነው።”

አሁን አዳራሹ ሳቀ። የጥናት ቤቱ ኃላፊ ጫማውን ያያል።

“ሌላ ዓሣ አገኛለሁ” አለች ሲዶኒ። “በስሟ ሌላ እሰይማለሁ።”

“በዚህ ወገን አይሆንም። የወጣ ስም ቢሞትም ቦታውን አይለቅም፤ ሁለተኛ አይሰጥም። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ሌላ ወገን ውስጥ አዲስ ዓሣ እስክታገኚ ደግሞ እድሜ ይስጥሽ፤ ለማማም ዓይናቸውን ያቆይላቸው።” ምርኩዙን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለሷ ብቻ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። “ከሞቱት ስሞች መካከል ጎዴሊቭ ብቻዋን ነበረች። ጎረቤት አመጣሁላት።”

ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ የጠገበ ሰው ፊት ነበር። የሱ አስቀያሚ ዓሣ ያለ እንከን አዲስ ነው፤ ሰይሞ የማይሰረዝ ስም የሰጠው ደግሞ የሲዶኒ እጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሷ ናት።

ከማማ ባሴሌ አጠገብ የተቀመጠችው የገበያ ባልደረባዋ ማማ ኢሴንጌ ነገሩ አልገባትም። “ምን አለሽ?” ብላ ጎነተለቻት።

“ስምሽ ሞቷል አለኝ” አለች ማማ ባሴሌ። ተነሣች፣ ብልቃጡ አጠገብ ሄዳ ዓይኗን አስጠግታ አየች፣ ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። “ሆዱን አልከፈትሽውም?”

“አልከፈትኩትም ማማ።”

“ለምን?”

“ያንቺ ነው ብዬ። እንዳይበላሽ።”

ማማ ባሴሌ ወደ በሩ አመራች። ሴቶቹ ገበታቸውን ሳይገልጡ እንዳመጡት ይዘው ወጡ፤ ቢጫ ልብሳቸው በመንገዱ ላይ ሩቅ ድረስ ይታይ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ሲዶኒ እናቷ እግር ሥር ወድቃ አለቀሰች። ፕሮፌሰሩን ረገመችው፣ የሚስቱን ሞት በኔ አሳበበ አለች። ማማ ባሴሌ ሊፑታዋን አጣጥፋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

“ስለሱ ተይኝ” አለች። “እሱ ጠላትሽ ነው፣ የጠላት ሥራውን ሠራ። እኔ አስቀያሚውን ስጪኝ ብዬሽ ነበር። ብትሰሚኝ ስሜ ዛሬ በሕይወት ነበር።”

“ከዚያ የተሻለ ይገባሻል ብዬ ነው፤ ላንቺ ብዬ።”

“ለኔ አይደለም። ያ ጭቃማው እኔን መሰለሽ። በሎሚ የምትታጠቢው ሽታ ሸተተሽ። ወርቅ እናት ብትኖረኝ ብለሽ ነው የመረጥሽው። እሷ ደግሞ የለችም፤ ሰውየው አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነገረሽ።”

ሲዶኒ እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። እውነት ነበራ።

ወሬ በገበያ ምን ያህል እንደሚፈጥን ታውቃላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ አመድማው አምባዛ በወንዙ ዳር ሁሉ “ፕሮፌሰር” ተባለ። “ፕሮፌሰር መጣ፣ ትኩስ ፕሮፌሰር” ይላሉ ሴቶቹ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩት ተከፋ ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ልጅ ልኮ ራሱን አስገዝቶ በላ አሉ።

ሲዶኒ ከጥናት ቤቱ ቀርታ ቆየች። አንድ ማለዳ ወደ ገበያ ወረደች፣ ከእናቷ ጎን ቆመች። ማማ ባሴሌ በእርምጃዋ አውቃታለች፤ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። ፕሮፌሰሩን በከንፈሩ ይዛ ራሱን በዱላ ትመታለች፣ ወደ ጎን ትወረውራለች። ከቆይታ በኋላ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጋችላት። ሲዶኒ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሆድ መቅደድ ጀመረች። ሎሚ አልያዘችም።

አንዲት ገዢ መጣች፤ አንድ መረጠችና እስኪጸዳላት ግድግዳውን ስታይ የተሰቀለውን ወረቀት አየች። ከወዲያ ማዶ ሠፈር ነው የመጣችው፣ ወሬው ግማሹ ብቻ ደርሷታል።

“ማማ ባሴሌ፣ ያንቺስ የታል? በስምሽ የሚጠራው ወርቃማ ዓሣ?”

ማማ ባሴሌ በእጇ ዳብሳ ወረቀቱን ከሚስማሩ ነጠለችው። ስሟ ያለበትን ቦታ ለመፈለግ ዓይኗ አልረዳትም፣ እሷም ብዙ አልፈለገችም። የጸዳውን ፕሮፌሰር መካከሉ ላይ አስተኝታ ጠቀለለችውና ለሴትየዋ ሰጠቻት። “ያውልሽ፣ ይዘሽው ሂጂ” አለች። ውሃው ወረቀቱን ሲያረጥበው ሲዶኒ አየች፤ ቢላዋውን የያዘው እጇም ቆመ።

“ምን ትጠብቂያለሽ፣ የሚቀጥለውን ቅደጂ” አለቻት እናቷ። “ወንድ ይሁን ሴት አይተሽ ንገሪኝ።”